የእንግሊዝኛ ኢ-ቀጥተኛ ንግግር

የእንግሊዝኛ ኢ-ቀጥተኛ ንግግር አንድ ሰው የተናገረውን፣ የጠየቀውን ወይም ያዘዘውን ነገር ሌላ ሰው በራሱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ የሚያስተላልፍበት የእንግሊዝኛ ሰዋስው ክፍል ነው። በእንግሊዝኛ «ሪፖርትድ ስፒች» ወይም «ኢንዳይሬክት ስፒች» ይባላል። የተናጋሪው ቃል ምንም ሳይለወጥ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ቀጥተኛ ንግግር ወይም «ዳይሬክት ስፒች» ይሆናል።

ቀጥተኛው ንግግር ወደ ኢ-ቀጥተኛ ሲለወጥ በእንግሊዝኛ ሦስት ነገሮች ሊቀየሩ ይችላሉ፤ እነርሱም የግሡ ጊዜ፣ ተውላጠ ስሞች፣ እንዲሁም ጊዜንና ቦታን የሚያመለክቱ ቃላት ናቸው። አማርኛ ይህንኑ ሥራ የሚሠራበት መንገድ በብዙ የተለየ ስለሆነ ይህ ክፍል አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎችን በተደጋጋሚ ከሚያሳስቱት አንዱ ነው። ስህተቱም አንዳንዴ ከፈተና ነጥብ አልፎ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት እስከ መለወጥ ይደርሳል።

የግሥ ጊዜያት

ኢ-ቀጥተኛ ንግግርን ለመረዳት በመጀመሪያ የእንግሊዝኛ የግሥ ጊዜያት ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ፈላስፋው ሃንስ ራይክንባክ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፍ የግሥ ጊዜያትን በሦስት ነጥቦች አስረድቷል፦

• የንግግር ጊዜ፦ ዓረፍተ ነገሩ የሚነገርበት ጊዜ
• የድርጊት ጊዜ፦ ነገሩ የሚፈጸምበት ጊዜ
• የማጣቀሻ ጊዜ፦ ተናጋሪው ቆሞ ድርጊቱን የሚመለከትበት ጊዜ

ለምሳሌ «ዌን ዊ አራይቭድ፣ ዘ ባስ ሃድ ሌፍት» ማለት «ስንደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር» ማለት ነው። የማጣቀሻው ጊዜ የደረስንበት ሰዓት ነው። አውቶቡሱ የሄደው ከዚያ በፊት ነው። ዓረፍተ ነገሩ የተነገረው ደግሞ ከሁለቱም በኋላ ነው። ይህ «ፓስት ፐርፌክት» የሚባለው ጊዜ ሲሆን በአማርኛ ሰዋስው የሩቅ ኃላፊ ከሚባለው «ሄዶ ነበር» ጋር ይቀራረባል።

ኢ-ቀጥተኛ ንግግር ላይ የማጣቀሻው ጊዜ የመጀመሪያው ሰው የተናገረበት ሰዓት ነው። እንግሊዝኛ ሁሉንም ነገር የሚለካው ዛሬ ከሚያስተላልፈው ሰው አንጻር ስለሆነ፣ ያ ሰዓት ካለፈ ግሡም ወደ ኋላ ይሳባል።

የጊዜ ለውጥ

አስተላላፊው ግሥ በኃላፊ ጊዜ ሲሆን፣ ማለትም «ሴድ»፣ «ቶልድ» ወይም «አስክድ» ሲሆን፣ በውስጥ ያለው ግሥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እርከን ወደ ኋላ ይመለሳል።

• ሲምፕል ፕረዘንት ወደ ሲምፕል ፓስት፦ «አይ ሊቭ ኢን ጎንደር» የነበረው «ሂ ሴድ ሂ ሊቭድ ኢን ጎንደር» ይሆናል።
• ፕረዘንት ኮንቲኒዩየስ ወደ ፓስት ኮንቲኒዩየስ፦ «አይ አም ኩኪንግ» የነበረው «ሺ ሴድ ሺ ዋዝ ኩኪንግ» ይሆናል።
• ፕረዘንት ፐርፌክት ወደ ፓስት ፐርፌክት፦ «አይ ሃቭ ኢትን» የነበረው «ሂ ሴድ ሂ ሃድ ኢትን» ይሆናል።
• ሲምፕል ፓስት ወደ ፓስት ፐርፌክት፦ «አይ ሎስት ማይ ፎን» የነበረው «ሺ ሴድ ሺ ሃድ ሎስት ሄር ፎን» ይሆናል።
• ፓስት ፐርፌክት ግን ከዚያ በላይ ወደ ኋላ የሚመለስበት እርከን ስለሌለው ባለበት ይቀራል።

ረዳት ግሦችም እንዲሁ ይለወጣሉ፦ «ዊል» ወደ «ውድ»፣ «ካን» ወደ «ኩድ»፣ «ሜይ» ወደ «ማይት»። ግዴታን የሚያመለክተው «መስት» ብዙ ጊዜ ወደ «ሃድ ቱ» ይለወጣል። «ውድ»፣ «ኩድ»፣ «ማይት» እና «ሹድ» ግን አይለወጡም።

ጊዜው የማይለወጥባቸው ሁኔታዎች

ለውጡ በሁሉም ቦታ የሚሠራ ሕግ አይደለም። የሚከተሉት ሁኔታዎች ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

አስተላላፊው ግሥ በአሁን ጊዜ ከሆነ የውስጡ ግሥ አይነካም። ስልክ ይዞ የሚያወራ ሰው አጠገቡ ላለው «ሺ ሴዝ ሺ ኢዝ ታየርድ» ማለት ይችላል፤ ንግግሩ ገና አላለፈምና።

የተነገረው ነገር አሁንም እውነት ከሆነ መለወጥም አለመለወጥም ይቻላል። «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል» የመሰለ አጠቃላይ እውነት ሲተላለፍ ግሡን በአሁን ጊዜ መተው የተለመደ ነው።

ምርጫው ግን ትርጉም አለው። «ሂ ሴድ ሂ ዋዝ ሲክ» የሚለው ሰውየው በተናገረበት ሰዓት ታሞ እንደነበር ይናገራል፤ አሁን ይዳን አይዳን አይገልጽም። «ሂ ሴድ ሂ ኢዝ ሲክ» የሚለው አስተላላፊው ሕመሙ አሁንም እንዳለ አድርጎ እንደሚያየው ያሳያል። «ሂ ሴድ ሂ ሃድ ቢን ሲክ» ደግሞ ሕመሙ ሰውየው ከመናገሩ በፊት የነበረ መሆኑን ያመለክታል። በአማርኛ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ታምሜያለሁ አለ» ከሚለው፣ ሦስተኛው «ታምሜ ነበር አለ» ከሚለው ይመነጫሉ።

በእውን የሌለን ነገር የሚገምቱ የ«ኢፍ» ዓረፍተ ነገሮችም አይለወጡም። «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ውድ ባይ ኢት» ያለ ሰው ንግግር ሲተላለፍ «ሂ ሴድ ኢፍ ሂ ሃድ መኒ ሂ ውድ ባይ ኢት» ይሆናል። የተለወጠው ተውላጠ ስሙ ብቻ ነው።

ተውላጠ ስም፣ ጊዜ እና ቦታ

በእንግሊዝኛ ኢ-ቀጥተኛ ንግግር «አይ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ የሚያመለክተው አሁን እያስተላለፈ ያለውን ሰው ነው። «ዩ» ደግሞ አሁን የሚሰማውን ሰው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ተናጋሪ «አይ» ያለው በአስተላላፊው አፍ «ሂ» ወይም «ሺ» ይሆናል።

የጊዜና የቦታ ቃላትም በተመሳሳይ መንገድ ይስተካከላሉ፦

• «ናው» ወደ «ዜን»
• «ቱዴይ» ወደ «ዛት ዴይ»
• «የስተርደይ» ወደ «ዘ ዴይ ቢፎር»
• «ቱሞሮው» ወደ «ዘ ኔክስት ዴይ»
• «ቱ ዴይስ አጎ» ወደ «ቱ ዴይስ ቢፎር»
• «ሂር» ወደ «ዜር»
• «ዚስ» ወደ «ዛት»

ይህ ዝርዝር በቃል ተሸምድዶ በጭፍን የሚተገበር አይደለም። መልእክቱ የሚተላለፈው በዚያው ቀንና በዚያው ቦታ ከሆነ «ቱዴይ» እና «ሂር» ባሉበት ይቀመጣሉ። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ይህ ቃል አሁን እኔ ካለሁበት ሲታይ ትክክለኛውን ቀንና ቦታ ያመለክታል ወይ?» የሚል ነው።

ጥያቄ፣ ትእዛዝ እና ሌሎች

ጥያቄ ሲተላለፍ ጥያቄነቱ ይቀርና ተራ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። የግሡና የባለቤቱ መገለባበጥ ይጠፋል፤ «ዱ»፣ «ደዝ» እና «ዲድ» ይወጣሉ፤ የጥያቄ ምልክቱም ይቀራል። «ዌር ደዝ ሂ ዎርክ?» የነበረው «ሺ አስክድ ዌር ሂ ዎርክድ» ይሆናል። መልሱ አዎ ወይም አይደለም የሆነ ጥያቄ በ«ኢፍ» ወይም በ«ዌዘር» ይያያዛል፦ «አር ዩ ሬዲ?» የነበረው «ሂ አስክድ ሚ ኢፍ አይ ዋዝ ሬዲ» ይሆናል።

ትእዛዝና ልመና በ«ቱ» ይተላለፋሉ። «ሲት ዳውን» የነበረው «ሺ ቶልድ ሂም ቱ ሲት ዳውን» ሲሆን፣ ክልከላ ከሆነ ከ«ቱ» በፊት «ኖት» ይገባል።

«ሴይ» እና «ቴል» አንድ ዓይነት አይደሉም። «ቴል» ሲተላለፍ የተነገረው ሰው ወዲያው ይከተለዋል፦ «ሂ ቶልድ ሚ»። «ሴይ» ግን ያለ ሰሚ ይቆማል፤ ሰሚው መጠቀስ ካለበት በ«ቱ» ይገባል። ስለዚህ «ሂ ሴድ ሚ» ስህተት ነው። የስህተቱ ምንጭ የአማርኛው «አለኝ» ይመስላል፤ በአማርኛ «አለ» እና «አለኝ» አንድ ግሥ ናቸውና።

እንግሊዝኛ ንግግሩን ከነዓላማው በአንድ ግሥ የሚያስተላልፍባቸው ቃላትም አሉት። አማርኛ በ«አለ» የሚሠራቸው በርካታ አባባሎች በእንግሊዝኛ የየራሳቸው ግሥ አላቸው፦ «እሺ አለ» «አግሪድ»፣ «እምቢ አለ» ደግሞ «ሪፊውዝድ» ይሆናል። «ዝም አለ» እና «ብድግ አለ» ግን ከነጭራሹ ንግግር አይደሉም፤ በ«ሴድ» መተርጎም የለባቸውም።

ከአማርኛ ጋር ሲነጻጸር

አማርኛ የሰውን ንግግር የሚያስተላልፍባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉት።

የመጀመሪያው «እንደ» እና «እንድ» የሚገቡበት ነው፦ «እንደሚመጣ ነገረኝ»፣ «እንደደከማት ተናገረች»፣ «እንድመጣ ነገረኝ»። በዚህ መንገድ ተውላጠ ስሙ እንደ እንግሊዝኛው ይለወጣል። ጊዜው ግን አይለወጥም። «እንደሚመጣ ነገረኝ» እና «እንደሚመጣ ይነግረኛል» በሚሉት ውስጥ «እንደሚመጣ» ያው ነው፤ መምጣቱ የሚለካው ከተነገረበት ሰዓት ነው። እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው «ውድ ካም»፣ ለሁለተኛው «ዊል ካም» ይፈልጋል።

ሁለተኛውና በዕለት ተዕለት ንግግር የሚበዛው «አለ» እና «ብሎ» የሚገቡበት ነው፦ «ደክሞኛል አለ»፣ «እመጣለሁ ብላ ሄደች»፣ «መሽቷል ብሎ አሰበ»። ይህ በመጀመሪያ እይታ ቀጥተኛ ንግግር ይመስላል፤ የተናጋሪው ቃል ከነአንደኛ መደቡ ተቀምጧልና። ነገር ግን ሁልጊዜ ቀጥተኛ ጥቅስ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ዓረፍተ ነገሮች አሉ።

«ምን አምጣ አለህ?» የሚለውን ማየት ይቻላል። የላከው ሰው «ዳቦ አምጣ» ብሎ ይሆናል እንጂ «ምን አምጣ» አላለም። «ምን» የሚለው ቃል የአሁኑ ጠያቂ ነው፤ «አምጣ» የሚለው ትእዛዝ ግን የመጀመሪያው ተናጋሪ ነው። የሁለት ሰው ንግግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተሰፍቷል። «የት ነኝ አለ?» እና «መቼ እመጣለሁ አለች?» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። «ነኝ» የሚለው ጠያቂውን ሳይሆን ደዋዩን ያመለክታል፤ አማርኛ ተናጋሪም በዚህ አይደናገርም።

ይህ የአማርኛ ጠባይ በቋንቋ ፍልስፍና ውስጥ ታዋቂ ሆኗል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመው «ዴሞንስትራቲቭስ» በተሰኘ ጽሑፉ «እኔ» የመሰሉ ቃላት ከጥቅስ ውጭ ሁልጊዜ የአሁኑን ተናጋሪ እንደሚያመለክቱ ተከራክሮ፣ ይህን ሊለውጥ የሚችልን የቋንቋ መሣሪያ «ጭራቅ» ብሎ ሰይሞት ነበር። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ጭራቅ የለም የሚል ነበር ክርክሩ። የቋንቋ ሊቁ ፊሊፕ ሽሌንከር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት ግን ከምስክሮቹ አንዱ አድርጎ ያቀረበው አማርኛን ነው፤ በአማርኛ «አለ» ሥር ያለ አንደኛ መደብ የአሁኑን ተናጋሪ ሳይሆን የተጠቀሰውን ሰው ሊያመለክት ይችላል። ከዚያ ወዲህ ዛዛኪን የመሰሉ ሌሎች ቋንቋዎችም ተመሳሳይ ጠባይ እንዳላቸው ተጠንቷል።

በትርጉም ሥራ ላይ ያለው ውጤት

የአማርኛው አንደኛ መደብ ሳይስተካከል ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ሰውየው ይለወጣል። «መቼ እመጣለሁ አለች?» የሚለው «ዌን ዲድ ሺ ሴይ አይ ዊል ካም?» ተብሎ ቢተረጎም እንግሊዝኛ ሰሚው የሚረዳው «እኔ መቼ እመጣለሁ አለች?» ተብሎ ጠያቂው ስለ ራሱ እንደጠየቀ ነው። ትክክለኛው «ዌን ዲድ ሺ ሴይ ሺ ውድ ካም?» ነው።

ነገሩ ከባድ የሚሆነው በፍርድ ቤት፣ በፖሊስ ምርመራ፣ በጥገኝነት ቃለ መጠይቅና በሕክምና ላይ ነው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በእነዚህ ቦታዎች ብዙ ጊዜ የሚናገሩት በአስተርጓሚ በኩል ነው። አንድ ምስክር «ጎረቤቴ ብሩን ወሰድኩት አለኝ» አለ እንበል። ትርጉሙ ጎረቤቱ መውሰዱን አመነለት ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ «ማይ ኔበር ቶልድ ሚ ዛት ሂ ሃድ ቴክን ዘ መኒ» ይሆናል። ቃል በቃል «ማይ ኔበር ቶልድ ሚ ዛት አይ ቱክ ዘ መኒ» ከተባለ ግን ብሩን የወሰደው ምስክሩ ራሱ ይሆናል። በተቃራኒው «ብሩን ወስደሃል አለኝ» የሚለው «ሂ ቶልድ ሚ ዛት ዩ ቱክ ዘ መኒ» ከተባለ ወቀሳው ፊት ለፊት በተቀመጠው ዳኛ ወይም ጠያቂ ላይ ያርፋል።

ችግሩን የሚያወሳስበው ሌላ ነገር አለ። በብዙ አገሮች የፍርድ ቤት አስተርጓሚ በሙያው ደንብ የሚናገረው በምስክሩ አንደኛ መደብ ነው፤ «አይ» ሲል ምስክሩን ማለቱ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት «አይ» ሲገቡና ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ፣ አድማጩ የሚለይበት ምልክት ያስፈልገዋል። በጽሑፍ ትእምርተ ጥቅስ ይህን ይሠራል። በንግግር ግን ትእምርተ ጥቅስ አይሰማም። ስለዚህ አስተርጓሚው ወይ ወደ ኢ-ቀጥተኛ ንግግር በትክክል መለወጥ፣ ወይ የተጠቀሰው ቃል የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ በግልጽ ማሳወቅ፣ ካልገባውም ማን ምን እንዳለ መልሶ መጠየቅ ይኖርበታል።

ልምምድ

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን የተደነገገ ሲሆን፣ በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነው። በሰዋስው መጻሕፍት የተለመደው ልምምድ ቀጥተኛ ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ ወደ ኢ-ቀጥተኛ እንዲለወጥ ማዘዝ ነው። ይህ ቅርጹን ለመያዝ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ማን፣ ለማን፣ መቼና የት እንደተናገረ ካልተገለጸ ተማሪው ዝርዝሩን ከመሸምደድ ያለፈ ነገር አይማርም።

የተሻለው ልምምድ ሁኔታውን አሟልቶ የሚሰጥ ነው። ሁለት ተማሪዎች መልእክት ተቀባብለው ለሦስተኛ ማድረስ፣ የስልክ ንግግርን በማግስቱ መተረክ፣ ወይም በአማርኛ የተሰማን ወሬ በእንግሊዝኛ ማስተላለፍ ይቻላል። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. በመጀመሪያ ማን ማን እንደሆነ መለየትና ተውላጠ ስሞቹን ማስተካከል፤
2. አስተላላፊው ግሥ ኃላፊ መሆን አለመሆኑን ማየት፤
3. ኃላፊ ከሆነ የውስጡን ግሥ አንድ እርከን መመለስ፣ ነገሩ አሁንም እውነት ከሆነ መተው ይቻል እንደሆነ ማሰብ፤
4. በመጨረሻ የጊዜና የቦታ ቃላትን አሁን ካለንበት አንጻር መፈተሽ።

ብዙ ተማሪዎች የሚጀምሩት ከሦስተኛው ነው። ከአማርኛ ለሚመጣ ሰው ግን ትልቁ አደጋ ያለው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ የጊዜ ስህተት ዓረፍተ ነገሩን ያጎረብጠዋል፣ የተውላጠ ስም ስህተት ግን ሌላ ሰው ላይ ያላክከዋል።

ምሳሌዎች ከነመልሳቸው፦

• ሐኪሙ ለታካሚው «አይ ዊል ሲ ዩ ሂር ቱሞሮው» አለው። ታካሚው ከሳምንት በኋላ ቤቱ ሆኖ ሲናገር፦ «ዘ ዶክተር ቶልድ ሚ ዛት ሂ ውድ ሲ ሚ ዜር ዘ ኔክስት ዴይ»። በዚያው ቀን እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ሲናገር ግን «ሂር ቱሞሮው» አይለወጥም።
• ሊድያ «ሃቭ ዩ ፊኒሽድ ዩር ሆምዎርክ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ፦ «ሊድያ አስክድ ሚ ኢፍ አይ ሃድ ፊኒሽድ ማይ ሆምዎርክ»።
• እናቴ «ዶንት ኦፕን ዘ ዶር» አለችኝ። መልስ፦ «ማይ መዘር ቶልድ ሚ ኖት ቱ ኦፕን ዘ ዶር»።
• «የት ነኝ አለ?» መልስ፦ «ዌር ዲድ ሂ ሴይ ሂ ዋዝ?»
• «ምን አምጣ አለችህ?» መልስ፦ «ዋት ዲድ ሺ ቴል ዩ ቱ ብሪንግ?»
• «አልመጣም አለችኝ» መልስ፦ «ሺ ቶልድ ሚ ሺ ውድ ኖት ካም»። «ሺ ቶልድ ሚ አይ ዊል ኖት ካም» ከተባለ የማይመጣው ተናጋሪው ይሆናል።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ምሳሌዎች አማርኛ ተናጋሪ በየቀኑ የሚላቸው ናቸው። እንዲህ ያሉትን ከራስ ንግግር እየለቀሙ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ከመጽሐፍ ልምምድ ጋር ተዳምሮ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩበትን ቦታ በቀላሉ ለመለየት ይረዳል።